የእናት ርስት፦ ተርብ ስለ ዘር ቆጠራ ምን ታስተምረናለች?

በእኛ አገር ዘር ሲቆጠር የሚነሳው የአባት ስም ነው። ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም ይደረድራል። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ይጣራል። እዚህ ኩታበር ያደገ ልጅ የአባቱን ቤት ቢያንስ እስከ አራትና አምስት ትውልድ ሳይደናቀፍ ይቆጥራል። የእናቱን እናት እናት ስም ጠይቁት፤ ዝም ይላል። ልጁ ብቻ አይደለም፤ እኛ ትልልቆቹም ብዙዎቻችን ዝም እንላለን።

እኔ ኩታበር ተወልጄ፣ ደሴና አካባቢዋ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት አያት ነኝ። ከሴት ልጄ ሁለት፣ ከወንድ ልጄ ሦስት የልጅ ልጆች አሉኝ። በቅርቡ ልጆቹ ጣሪያው ሥር ጭቃ እያመላለሰች ጎጆዋን የምትሠራ ተርብ ሲመለከቱ ቆዩና «እምዬ፣ የተርብ አባት ማነው?» አሉኝ። ጥያቄው የልጅ ነው፤ መልሱ ግን የዋዛ አይደለም። መልሱን ስፈልግ ከተርብ ተነስቼ ስለ እናትነት፣ ስለ ሴት ልጅና ስለ ማሳችን የሚነግረን ብዙ ነገር አገኘሁ። እናንተም ለልጆቻችሁ እንድትነግሯቸው እነሆ።

ከ128 አንዲቷ

ሰባት ቤት ወደ ላይ እንውጣ። ሁለት ወላጆች አሉን፤ አራት አያቶች፤ ስምንት ቅድመ አያቶች። ከዚያ 16፣ 32፣ 64 እያለ በሰባተኛው ቤት 128 ይደርሳል፤ ዝምድናው ካልተደራረበ በቀር። ከእነዚህ 128 ሰዎች መካከል አንዲት ሴት ለየት ያለ ነገር አውርሳናለች። እርሷም የእናታችን እናት እናት እየተባለ በሴት መስመር ብቻ ሲቆጠር የምትገኘው ናት።

ያወረሰችን ነገር ማይቶኮንድሪያ ይባላል። ሰውነታችን የተሠራው ከህዋሳት ነው። በየህዋሱ ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ እንደ ቤት ምድጃ ቁጠሯቸው። ምድጃው ከጠፋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ የሚበላም አይበስልም። አብዛኛው ዘረ-መላችን የሚገኘው በህዋሱ አስኳል ውስጥ ሲሆን ከአባትም ከእናትም እኩል የመጣ ነው። ማይቶኮንድሪያ ግን ከአስኳሉ ውጭ ሆኖ የራሱን ትንሽ ዘረ-መል ይዟል። በሰው ላይ 37 ዘረ-መሎች ሲሆኑ ጠቅላላ ርዝመቱ 16,569 ፊደል ነው። ይህ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1981 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ነው።

የወንዱ ዘርም የራሱ ማይቶኮንድሪያ አለው፤ ወደ እንቁላሉ የሚዋኝበትን ጉልበት የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ከእንቁላሉ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ግን የአባት ማይቶኮንድሪያ ተለይቶ ይጠፋል። ስለዚህ የእናት ብቻ ይቀራል። ወንድ ልጅ ከእናቱ ይወርሳል፤ ለልጆቹ ግን አያስተላልፍም። ድሮ ክብሪት ባልተዳረሰበት ዘመን ከቤት ቤት ፍም ተጭሮ እሳት ይያያዝ ነበር። ይህኛው ፍም የሚሻገረው ከእናት ወደ ሴት ልጅ ብቻ ነው።

በእኔ ቤት ሲታይ እንዲህ ይሆናል፤ ከሴት ልጄ የተወለዱት ሁለቱ የእኔን፣ የእናቴንና የአያቴን ማይቶኮንድሪያ ይዘዋል። ከወንድ ልጄ የተወለዱት ሦስቱ የያዙት የምራቴን እናት ነው። ፍቅሬ ግን በዚህ አይለካም፤ በአስኳሉ በኩል አምስቱም የእኔ ናቸው።

አባት የሌለው፣ አያት ያለው

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ እንመለስ። ሴቷ ተርብ ከወንድ ጋር አንዴ ከተገናኘች የወንዱን ዘር በሆዷ ውስጥ ባለ ትንሽ ከረጢት ታስቀምጣለች። እንቁላል ስትጥል ከረጢቱን ከፍታ ዘሩን ካገናኘችው ሴት ትወለዳለች። ሳትከፍተው ከጣለችው ወንድ ይወለዳል። ወንዱ ተርብ እንግዲህ አባት የለውም ማለት ነው። እናቱ ግን አባት ስላላት አያት አለው! ወንድ ተርብ ደግሞ ሴት ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ ሊወልድ አይችልም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ንብ ያላችሁ ይህን በቀፏችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ድንጉላው ንብ የሚወለደው እንዲሁ ነው። የቀፎውን ሁሉ እናት ደግሞ «አውራ» እንላታለን። አውራ ዶሮ እንደምንለው የወንድ መጠሪያ ሰጠናት እንጂ እርሷ ሴት ናት። ንብም ጉንዳንም ከ100 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከተርብ ወገን የወጡ ናቸውና ሥርዓቱ የጋራቸው ነው። የኢትዮጵያን ንብ ያጠኑ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ፣ ንቦቻችን በእናት መስመራቸው ከሌሎች የአፍሪካ ንቦች የሚለዩበት የራሳቸው የማይቶኮንድሪያ ወገን እንዳላቸው አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ቁም ነገር አለ። ተርብ እናት የልጇን ጾታ ትወስናለች። በሰው ግን ጾታን የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው። በየሰፈራችን ሴት ሴት ብቻ ወለደች ተብላ ፊት የተነሳችና «ዘሬን አስቀረሽው» የተባለች ሚስት አይቻለሁ። ሳይንሱ እንዲህ ያለውን ወቀሳ ከሥሩ ይነቅለዋል። እንዲያውም በማይቶኮንድሪያ ሂሳብ ከሄድን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወንድ ብቻ የወለደች እናት መስመር እዚያው ይቆማል፣ ሴት የወለደችው ግን ይቀጥላል።

ቶሎ የሚለዋወጠው ጽሑፍ

የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ ጸሐፊው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አልፎ አልፎ ፊደል ይገደፋል። ከዚያ ቅጂ የሚገለብጠው ደግሞ ግድፈቱን ይዞ ይቀጥላል፣ የራሱንም ይጨምራል። ዘረ-መልም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲገለበጥ እንዲሁ ነው። የሁለት ቅጂዎችን ልዩነት ቆጥሮ ከስንት ጊዜ በፊት ከአንድ መጽሐፍ እንደተለያዩ መገመት ይቻላል። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች የሚሠሩት ይህንን ነው።

ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 የብዙ አገር ሰዎችን ማይቶኮንድሪያ አነጻጽረው የሁላችንም የእናት መስመር ወደ 200 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አፍሪካ ውስጥ ወደኖረች አንዲት ሴት እንደሚያደርስ ገለጹ። ስሙም ከቅዱሳት መጻሕፍት ተወስዶ ሔዋን ተባለች፤ ሐዋ በሉት። ያኔ ብቸኛዋ ሴት ነበረች ማለት አይደለም፤ የሴት መስመሯ ሳይቋረጥ እስከ እኛ የደረሰው የእርሷ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ በኢትዮጵያውያን ላይ ያተኮረ ጥናት ደግሞ ከእናት መስመሮቻችን ግማሽ ያህሉ ጥንታዊ የአፍሪካ፣ የቀሩት ከቀይ ባሕር ማዶ ካሉ ሕዝቦች ጋር ሥር የሚጋሩ መሆናቸውን አሳየ። አንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም አያት ለሚቆጠርበት ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ዜና አይሆንበትም።

ተርብም እንደ እኛ 37ቱን ዘረ-መሎች ይዛለች፤ በተርቦች ዘንድ ግን ጽሑፉ የሚለወጥበት ፍጥነት የሚያስደንቅ ነው። በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳዩት፣ በሌላ ነፍሳት ገላ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥገኛ ተርቦች የማይቶኮንድሪያ ዘረ-መላቸው ከጥንታዊዎቹ ዘመዶቻቸው ይልቅ ፈጥኖ ተለውጧል። ፊደሉ ብቻ አይደለም፤ የዘረ-መሎቹ ቅደም ተከተልም ይቀያየራል። ገጾቹ ሳይጎድሉ ተዘበራርቀው የተጠረዙ መጽሐፍ ይመስላል። ለፍጥነቱ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች መካከል ጥገኛ ሆኖ የመኖር ባሕርይ፣ አጭር ዕድሜና ከጥቂት እናቶች የሚጀምር መንጋ ይገኙባቸዋል።

በልጅ ልጅ የሚወጣ ችግር

ናሶንያ የምትባል ሦስት ሚሊሜትር እንኳ የማትሞላ ተርብ አለች። የዝንብ እጭ ወደ ዝንብነት ለመለወጥ በሚተኛበት ቅርፊት ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተለያዩ ሁለት የናሶንያ ዝርያዎችን በቤተ ሙከራ ሲያዳቅሏቸው ሴት ልጆቻቸው ጤነኛ ሆነው ያድጋሉ። እነዚህ ሴቶች በተራቸው ወንዶች ሲወልዱ ግን እጅግ ብዙዎቹ ገና እጭ ሳሉ ይሞታሉ። ችግሩ በልጅ ሳይሆን በልጅ ልጅ ወጣ ማለት ነው። ለምን?

የእናቶቻችንን የድንጋይ ወፍጮ አስታውሱ። ከታች ወፍጮው፣ ከላይ መጁ አለ። አብረው የኖሩ ወፍጮና መጅ እየተፋጩ ይጣጣማሉ፤ የጎረቤት መጅ ቢያመጡበት እህሉን በደንብ አያደቅም። የጉልበት ማመንጫውም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ክፍሉ የሚሠራው በማይቶኮንድሪያው ዘረ-መል፣ ቀሪው በአስኳሉ ዘረ-መል ነው። ማይቶኮንድሪያው በፍጥነት ሲለወጥ አስኳሉም አብሮት ለመስተካከል ይለወጣል። ሁለቱ ዝርያዎች ለብዙ ዘመን ተለያይተው ሲኖሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ወፍጮና መጅ አጣጣሙ። ድቅሏ ሴት የሁለቱንም ወገን ዘረ-መል ስለያዘች የሚገጥመው አይጠፋባትም። አባት የሌለው ወንድ ልጇ ግን ተደባልቆ የደረሰውን አንድ እጅ ብቻ ይይዛል። ከአያቱ ማይቶኮንድሪያ ጋር ካልገጠመ መተኪያ የለውም።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያማ ከባዳ መጋባት አደጋ ነው» የሚል እንዳይኖር። ሁለቱ ናሶንያዎች የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። የሰው ልጅ ግን ከየትም ይምጣ ከየት አንድ ዝርያ ነው፤ በመካከላችን ያለው የማይቶኮንድሪያ ልዩነት ከእነርሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሰባት ቤት ቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የከለከሉ አባቶቻችን የሠሩት ሥርዓት ለጤናም በጎ ነው።

ማሳችን ላይ ያለች ወዳጅ

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገራችን ገባ። መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ በቆሎ አብቃይ አካባቢዎችን አዳረሰ። ገበሬው፣ ሚስቱና ልጆቹ ማሳ ወርደው ትሉን በእጃቸው ሲለቅሙ የነበረበትን ጊዜ የማይረሳው ቤተሰብ ብዙ ነው። ባለሙያዎች በበሽታው ላይ ሳይሆን በመድኃኒቱም ላይ ዓይናቸውን ጥለው ማሳውን ሲፈትሹ ኮቴሲያ አይሲፔ የተባለች ጥቃቅን አገር በቀል ተርብ ተምቹን እያጠቃችው አገኟት። እንቁላሏን በትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው እጭ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት በዚህች ተርብ የተጠቁ እንደነበሩ ዘግቧል። አንድ ብር ሳይከፈላት ከመቶ ትል ሠላሳና አርባውን የምትገድል ሠራተኛ ከየት ይገኛል?

የማሽላና የበቆሎ አገዳን ለሚቦረቡረው ትልም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ከእስያ የመጣው የአገዳ ቆርቁር ጠላቱን ጥሎ ነበር የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የተባለችው የእስያ ተርብ ኬንያ ውስጥ ተለቀቀች። ከዓመታት በኋላ ማንም ባልለቀቀባት በኢትዮጵያም ተገኘች። ድንበር አልጠየቀችም።

ችግሩ እነዚህ ተርቦች እህትማማች ይመስላሉ። ከቅንጣት የማይበልጥ ገላቸውን በማጉያ መነጽር አይቶ መለየት የሠለጠነ ባለሙያንም ያደክማል። የእናት ርስት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ካናዳዊው ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ ከማይቶኮንድሪያ ዘረ-መሎች በአንዱ ላይ 650 ፊደል ያህል ብቻ በማንበብ እንስሳትን መለየት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ። በሱቅ ዕቃ ላይ እንዳለው ባርኮድ መሆኑ ነው። የተርቧ አንዲት እግር ትበቃለች። የተሳሳተች ተርብ ተለቅቃ የገበሬው ዓመት እንዳይባክን የሚጠብቀው ይህ ንባብ ነው።

ለቤተሰብ ጤና

ወንድ ማይቶኮንድሪያን ስለማያስተላልፍ ወንዶችን ብቻ የሚጎዳ ግድፈት በእናት መስመር ሳይጠራ ሊቆይ ይችላል። ሳይንቲስቶች ይህን «የእናት እርግማን» ይሉታል። ስሙ ከባድ ነው፤ እናት ግን አልረገመችም፣ ጥፋትም የለባትም። ምሳሌው ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ሌበር እ.ኤ.አ. በ1871 የገለጸው የዓይን ሕመም ነው። በብዛት ወጣት ወንዶችን ይይዛል፤ ሕመም ሳይሰማቸው የአንድ ዓይናቸው፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሌላውም ብርሃን ይደክማል። መንስኤው የማይቶኮንድሪያ ግድፈት መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በካናዳዋ ኩቤክ ያሉ ብዙ ሕሙማን የእናት መስመራቸው ሲቆጠር እ.ኤ.አ. በ1669 እዚያ ወዳገባች አንዲት ፈረንሳዊት ደርሷል።

ከዚህ ለወላጅ የሚቀረው ትምህርት ቀላል ነው። ልጃችሁ ድንገት ዓይኑ ቢደክም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የጡንቻ ድካም ቢይዘው ሐኪሙ ስለ ቤተሰብ ሲጠይቅ የአባትን ወገን ብቻ አትቁጠሩ። የእናት ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የሴት አያት ወንድም እንዲህ ታመው እንደሆነ ተናገሩ። «የዓይን ጥላ ነው» ብሎ ጊዜ ማጥፋትም ሆነ እናትን መውቀስ ልጁን አይጠቅመውም።

ከልጆች ጋር የሚደረግ

የምትናደፈው ሴቷ ተርብ ብቻ ናት፤ መንደፊያዋ ከእንቁላል መጣያዋ የተገኘ ነውና። ማሳ ላይ ትል የሚያጠቁት ጥቃቅኖቹ ግን ለሰው አደጋ አይደሉም። ልጅ የሚመላለስበት ቦታ ላይ ትልቅ ጎጆ ካልሠሩ በቀር የተርብ ቤት አታቃጥሉ። የተነደፈ ልጅ ቦታውን በውሃና በሳሙና አጥቡለት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉለት። ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ወደ ጤና ተቋም መሮጥ እንጂ መጠበቅ የለም።

ትል ስትለቅሙ ነጭ ቅንጣት መሰል የሐር ቅርፊት አጠገቡ ያለበትን ተዉት፤ ከዚያ የምትወጣው ተርብ የነገ ወዳጃችሁ ናት። ፀረ-ተባይ መርጨት ግድ ከሆነ የግብርና ባለሙያ አማክሩ፤ መድኃኒቱ ትሉንም ተርቧንም አይለይም። ልጆችን ከማሳው አርቁ፣ ባዶውን ዕቃ ለውሃም ለዘይትም አትጠቀሙበት።

ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ሾላ ቆርጣችሁ አሳዩአቸው። ሾላ የሚያብበው ወደ ውስጥ ነው፤ አበባውን የምታዳቅልለት ደግሞ ገብታ እንቁላሏን የምትጥል ትንሽ ተርብ ናት። «ትል አለበት» ብለው የጣሉት ሾላ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ የእርሷ ወገን ነው።

በመጨረሻ፣ በዚህ ሳምንት የቤተሰቡን የእናት መስመር ጻፉ። ከልጁ ጀምራችሁ እናቱን፣ የእናቱን እናት፣ እንዲህ እያላችሁ የቻላችሁትን ያህል ውጡ። ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቀበሌ፣ በምን እንደሚታወቁ መዝግቡ። በእኔ በኩል ያገኘሁት አምስት ሴቶች ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። የእናንተ ሴት አያት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።